ለአንድ ሐሙስ አንድ ሳምንት

እሑድ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

አክስቴ የደወለችልኝ ባለፈው ረቡዕ ማታ ነው። ውኃ ቀድታ ስትመለስ አዳልጧት ወድቃ ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ተጎድቷል። ታግዛት የነበረችው ልጅ ደግሞ አራስ ናት። «ነገ ገበያ አልወጣም። የሚቀጥለው ሐሙስም ካመለጠኝ ግን ደንበኞቼ ሌላ ዳስ ይለምዳሉ» አለችኝ። ስለ ሕመሟ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ያልተጠቀምኩበት የዓመት ፈቃድ ነበረኝ። አንድ ሳምንት ጠየቅኩ፣ ተፈቀደልኝ።

እቴቴ ነው የምላት። የእናቴ ታናሽ እህት ናት። የምትኖረው ደቡብ ጎንደር፣ ደራ ወረዳ ውስጥ፣ ከሐሙሲት ከተማ በእግር ግማሽ ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ነው። ላለፉት 11 ዓመታት በየሐሙሱ ገበያ መሀል ሸራ ወጥራ እንጀራ በወጥ ትሸጣለች። ሐሙሲት ስሟን ያገኘችው ከገበያዋ ቀን ነው። እንዲህ ያለ ስም በአገራችን ብዙ ነው፤ ሮቢት አለ፣ አርብ ገበያ አለ። የቦታውን ስም የሰማ ሰው መቼ መሄድ እንዳለበት አብሮ ይሰማል።

ከአዲስ አበባ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተን ባሕር ዳር የገባነው ከቀኑ 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ስለ መንገዱ ብዙ የምጽፈው የለኝም። ከዓባይ በረሃ ሙቀት በቀር አብዛኛውን ተኝቼ ነው ያለፍኩት። ከመናኸሪያው ወደ ወረታ የሚሄድ ሚኒባስ ይዤ የዓባይን ድልድይ ተሻገርኩ። ሐሙሲት ስወርድ ጀምበር ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷት ነበር። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዋ የእቴቴ ልጅ አስፋልት ዳር ቆማ ትጠብቀኛለች። ሻንጣዬን ተቀብላኝ ከፊት ከፊቴ ሄደች።

እቴቴ በግራ እጇ አቀፈችኝ። ቀኝ እጇ በሸምበቆ ስንጥር ተጠፍሮ፣ በነጠላ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ወጌሻ ነው ያሰረላት። ጤና ጣቢያ ሄዳ ባሕር ዳር ወርደሽ ራጅ ተነሺ ተብላለች። «ከሐሙስ በኋላ» ብላ አቆይታዋለች። ብዙ ተከራከርኳት። ቅዳሜ አብረን ልንሄድ ተስማማንና ነገሩ በዚሁ ቆመ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 15

ጠዋት እህል ሰፈርን። ሁለት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ ሩዝ። እቴቴ የምትሰፍረው በቁና ነው። 26 ኪሎ ጤፍና 13 ኪሎ ሩዝ መሆኑን ያወቅኩት ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ሲወጣ ነው።

ጤፍ ላይ ሩዝ መቀላቀል ለአዲስ አበባ ሰው የሚደበቅ ነገር ይመስለዋል። እዚህ የአገሩ ምግብ ነው፤ ማንም አይደብቀውም። የፎገራ ሜዳና ከጣና የሚዋሰነው የደራ መሬት በክረምት ውኃ ይተኛበታል። ሩዝ ወደዚህ የገባው በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በነበሩ ጊዜ ነው። ገበሬው አሁንም ከሚዘራቸው ዝርያዎች አንዱ ኤክስ ጅግና ይባላል። ጅግና እዚሁ ደራ ውስጥ ያለች ቀበሌ ናት። እቴቴ ልጅ ሆና ሩዝ የሚባል ነገር አታውቅም ነበር። አሁን ጎታዋ ግማሹ ሩዝ ነው።

ሩዝ ሲገባበት እንጀራው ይነጣል፤ ወጪውም ይቀንሳል። ግን ጠባይ አለው። አድሮ ይደርቃል፣ ሲጠቀልሉት ይሰነጠቃል። ስለዚህ የሐሙስ እንጀራ ማክሰኞ ተጋግሮ አይቀመጥም። ረቡዕ ማታ ነው የሚጋገረው። የሳምንቱ ሥራ ሁሉ ከረቡዕ ማታ ወደ ኋላ ይቆጠራል። ረቡዕ ለመጋገር ማክሰኞ በማለዳ መቦካት አለበት። ማክሰኞ ለማቡካት ሰኞ መፈጨት አለበት። አንዷ ቀን ከተዛነፈች ሐሙስ የለም።

ለዚህ ነው ወፍጮ ቤት ደርሰን መብራት ሲጠፋ የደነገጥኩት። ከቀኑ 6 ሰዓት ነበር። ባለወፍጮው በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ። ሴቶቹ ግን አልተረበሹም። ጆንያቸውን በሰልፉ አቁመው ግማሾቹ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሰው የለም፣ ጆንያው ግን ተራ ይዟል። አንዱ አፉ በቀይ ጨርቅ ታስሯል። አንዱ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሰክቷል። አንዱ ላይ የልጅ ጫማ ተቀምጧል። የእኛ የታሰረው በሰማያዊ ሲባጎ ነው። እኔ ስለፈራሁ ሳልሄድ እዚያው ቁጭ አልኩ። አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጠው ቆሎ ዘገኑልኝ። «የማንን ጆንያ ነው የምትጠብቂ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «የባለ ዳሷ እንግዳ ነሽ እንዴ! እሷማ ስንቱን አብልታለች» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ወፍጮው መጨነቄን ረሳሁት።

መብራት የመጣው 12 ሰዓት ላይ ነው። ተራችን ሲደርስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከወፍጮው አፍ የሚወጣው ዱቄት እጅ ያቃጥላል። ትኩሱን ማቡካት አይሆንም። ቤት ወስደን ሰሌን ላይ በትነን እንዲበርድ ተውነው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 16

ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ናት። የእቴቴ ባል ጋሼ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሩዙ አውድማ ላይ ተከምሯል፤ ግን ዛሬ አይወቃም። በእንዲህ ያለ ቀን እዚህ በሬ አይጠመድም፣ ማጭድ አይነሳም። የቤቱ ሥራ ግን በዓል የለውም። ማቡካቱ፣ መልቀሙ፣ ውኃው፣ ሁሉም እንዳለ ነው። ሴቶቹ ከቅዳሴ ተመልሰው በቀጥታ ወደ ጓዳ ሲገቡ አየሁ። አንድ ቀን ይህም ሥራ እንደ እርሻው በዓል ቢያገኝ እወድ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ስላልተቦካ እርሾው ተበላሽቷል። ከጎረቤት በጣሳ አመጣን። ጎረቤትየዋ ሰጥታን ስታበቃ ራሷም ተከትላን መጣች፤ ሁለታችን ተጋግዘን አቦካን። እቴቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ውኃ በግራ እጇ ታፈሳለች። «በቡጢ እሺው። እጅሽ ላይ መጣበቁን እስኪተው ድረስ» ትለኛለች። ክርኔ ድረስ ሊጥ ሆንኩ። ሁለት ቡሃቃ ሞላ።

ከሰዓት በኋላ ሽሮ ነበር። ሽሮው ምጥን ነው፤ ሽምብራ፣ አተርና ጥቂት ባቄላ። ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ተከክቶ የተቀመጠ ነበረ። ዛሬ ደረቅ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ኮረሪማና በርበሬ ገብቶበት ልክ ለሐሙስ የሚበቃው ያህል ተፈጨ።

ለምን ጓያ እንደማይገባበት ጠየቅኳት። ጓያ ከሁሉ ይረክሳል። ሩዙ ከታጨደ በኋላ መሬቱ ላይ በቀረው እርጥበት ስለሚበቅል እዚህ ሞልቷል። በጓያ ሽሮ የሚሸጡ ዳሶችም አሉ። እቴቴ ሥራዋን አቆመች። በልጅነቷ መንደራቸው ውስጥ በሁለት ዱላ የሚሄድ ጎልማሳ ነበር። እህል በጠፋበት ዓመት ለወራት ጓያ ብቻ ሲበላ ከርሞ እግሩ ሸፈፈ፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰለትም። ይህ ተረት አይደለም። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል፣ አንዴ ከያዘ መድኃኒት የለውም። «እሸቱን እኔም እቀጥፋለሁ» አለችኝ። «አልፎ አልፎ ምንም አይልም። ግን ከእኔ ዘንድ የሚበላው ሰው ቤቱ ሄዶ ምን እንደሚበላ አላውቅም። ቤቱም ጓያ፣ እኔም ጋ ጓያ ከሆነስ?»

ይህን የምትለው የጤና ትምህርት ተምራ አይደለም። የሰውየውን አረማመድ ስላልረሳች ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 17

ከልጇ ጋር ሦስት ጊዜ ውኃ ተመላለስን። እያንዳንዱ ጀሪካን 20 ሊትር ነው። የእጅ ፓምፑ ጋ ወረፋ አለ። እቴቴ የወደቀችበትን ድንጋይ ልጅቷ አሳየችኝ። ጭቃው አሁንም አለ። ድንጋዩን ነቅለን ቦታውን በአሸዋ ደለደልነው።

ወደ 7 ሰዓት ገደማ ለጋሼና ለደቦ ሰዎቹ ምሳ ይዤ አውድማ ወረድኩ። ሩዙን በበሬ እያበራዩ ነው። አራት በሬዎች ተጣምረው ክብ እየዞሩ ይረግጡታል። ሕፃን ልጅ ከኋላ አለንጋ ይዞ ይከተላል። ከአውድማው ማዶ የሽምብራ ማሳ አለ። ጋሼ አንድ እቅፍ እሸት ነቅለው ሰጡኝ። ቅጠሉ ጣት ላይ ይኮመጥጣል፤ ፍሬው ገና ለስላሳ ነው። ከደቦው አንድ ወጣት ጣና ላይ እንቦጭ ሊነቅል ዘምቶ እንደነበር አጫወተኝ። ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ ቀኑን ሙሉ ሲነቅል ውሎ በሳምንቱ ያው ቦታ ተሸፍኖ እንዳገኘው ሲነግረኝ ድምፁ ተሰበረ። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። መረባቸውን የሚጥሉበት ዳርቻ ጠፍቶባቸዋል።

ከ9 ሰዓት ጀምሮ አብሲት። ከሊጡ ትንሽ ተቀንሶ በፈላ ውኃ ይበስላል፤ ከዚያ ተመልሶ ይገባል። ሊጡ ኩፍ ሲል 11 ሰዓት ሆነ። ምጣዱን ጣድን።

የመጀመሪያዎቹን አምስት እንጀራዎች አበላሸሁ። ሁለቱ ተጣበቁ፤ ሦስቱ ዓይን አላወጡም። እቴቴ በርጩማዋን ወደ ምጣዱ አስጠጋች። ምጣዱን በተወቀጠ ጎመን ዘር አሰሰችው። ሊጡን በግራ እጇ አነሳች። 30 ዓመት በቀኝ የጋገረች ሴት በግራዋ ስታዞር የመጀመሪያው ክብ ትንሽ ተንጋደደ። ሁለተኛው ቀና አለ። ከዳር ጀምራ ወደ መሀል ታጠቃልላለች፤ ክሩ ሳይቋረጥ። ሊጡ ምጣዱን ሲነካ ለቅጽበት ጸጥ ይላል። ከዚያ አንድ፣ ሁለት ዓይን ከዳር ይከፈታል። ከዚያ ሁሉም በአንዴ። አክንባሎው የሚከደነው ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊትም፣ በኋላም አይደለም። «አይኑን እይ እንጂ እኔን አትይ» አለችኝ። ከአሥረኛው በኋላ እሷ ታዞራለች፣ እኔ እከድናለሁ፣ ልጅቷ በሰፌድ ታወጣለች።

118 እንጀራ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ጨረስን። ጭሱ ዓይኔን አቅልቶታል። ጀርባዬን ዘርግቼ ተኛሁ፣ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 18

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳን። እንጀራው ሰፌድ ላይ ተደርድሮ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ሸራው፣ ሁለቱ ትልልቅ ድስቶች፣ ጀሪካኑና እንጨቱ አህያ ላይ ተጫኑ። ገና ሳይነጋ መንገዱ ሰው ነው። ጆንያ የተሸከመ፣ ዶሮ በእግሩ አንጠልጥሎ የሚሄድ፣ በግ የሚጎትት። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው።

የእቴቴ ቦታ በእህል ተራና በከብት ተራ መካከል ነው። ምሰሶዎቹ በየሳምንቱ እዚያው ዘበኛው ዘንድ ያድራሉ። ሸራውን ወጠርን፣ ጉልቻ ተከልን፣ የቦታ 10 ብር ከፈልን። ልጅቷ ከጎን ረከቦቷን ዘረጋች። የቡናው ገንዘብ የእሷ ነው፤ ለደብተርና ለልብስ።

ጾመ ነቢያት ስለሆነ ወጡ የጾም ነው። ሽሮና ምስር፣ ዘይቱ የኑግ። ሙስሊም ደንበኞቿ ቀደም ብለው ከ3 ሰዓት ጀምሮ በሉ። ክርስቲያኑ ግን ከ6 ሰዓት በፊት አፉን አይፈታም። ሌሊት ተነስቶ ሦስት ሰዓት የተጓዘ ሰው ባዶ ሆዱን እህል ተራ ቆሞ ታዩታላችሁ። 6 ሰዓት ሲል ዳሱ በአንዴ ሞላ።

የመጀመሪያው ገቢ በቅሎ የያዘ ሰው ነበር። ዕድሜው 40 ገደማ ይሆናል። በቅሎዋን ከምሰሶው አጠገብ አሰራት። ጭነቱ ነጭ ጤፍ ነው። ተቀመጠና «ሸጬ እከፍላለሁ» አለኝ። እኔ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። «ሰሃኑ 20 ብር ነው» አልኩት። ሊነሳ ሲል እቴቴ ከድስቱ ማዶ «ብላ ወንድሜ! ቁጭ በል» አለችው። ወደ እኔም ዞር ብላ «አቅርቢለት» አለች።

በኋላ ሰው ቀለል ሲል አስረዳችኝ። የጻፍኩት እሷ እንዳለችው ነው። «ገበሬ ገበያ ሲመጣ ገንዘብ የለውም። ገንዘቡ ጆንያው ውስጥ ነው። ነጋዴው ይህን ያውቃል። ጠዋት መጥቶ ቀንሶ ይጠራል። የራበው ሰው ቶሎ ሸጦ ሊበላ ስለሚፈልግ እሺ ይላል። የጠገበ ግን መኪናዎቹ እስኪመጡ ድረስ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። በኪሎ አንድ ብርም ትሁን፣ ለእሱ ብዙ ነው።»

ለ11 ዓመታት ያደረገችው ይህ ነው። መያዣ አትቀበልም፣ ስም አትጽፍም። ሰውየውን የምታውቀው በጭነቱ ነው። እኔ ስለፈራሁ ደብተር አውጥቼ መመዝገብ ጀመርኩ። አሁን ሳየው እንዲህ ይላል። «ቀይ አህያ፣ 1። ሽማግሌ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ 1። እህትማማቾች፣ ዶሮ፣ 2። ባለ በቅሎ፣ ነጭ ጤፍ፣ 1። ልጅ ያዘለች፣ እንቁላል፣ 1፣ ጭማሪ እንጀራ።» እቴቴ አንድም ጊዜ ወደ ደብተሩ አልተመለከተችም። እስከ 8 ሰዓት 31 ሰው «ሸጬ» ብሎኝ በልቶ ሄዷል። 31 ሰሃን ማለት 620 ብር ነው። ሆዴ ተገላበጠ።

በዚያ ሩጫ መሀል ሽሮው ከሥር ያዘ። ሽታው ሲመጣ ጭልፋ ይዤ ልማስለው ሮጥኩ። «አትንኪው!» አለች እቴቴ። ከሥር ያረረው ከተነካ ድስቱ በሙሉ ያርራል። ሳይማሰል ከላይ ያለው ብቻ ቀስ ተብሎ ወደ ሌላ ድስት ይገለበጣል። ልጅቷና እኔ በጨርቅ ይዘን ገለበጥነው። ከሥር የቀረው ወደ አንድ ጣት የሚሆን ጥቁር ነው። የተረፈው ሽሮ ምንም ሽታ አልነበረውም። ቀመስኩት። እንደገና ቀመስኩት። ከዚያ ነው ያቀረብነው።

ወደ 9 ሰዓት ገደማ የእህል መኪናዎቹ ሲሞሉ ከፋዮቹ መምጣት ጀመሩ። ሽማግሌው ባለ ነጭ ሽንኩርት ሃያ ብሩን ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝ፤ በላዩም አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት አከሉበት። እህትማማቾቹ ዶሮው ስላልተሸጠላቸው ከዘመድ ተበድረው መጡ። እቴቴ ተቆጣቻቸው። «ተበደሩ ማን አላችሁ? ለሚቀጥለው ሐሙስ ይሆን ነበር» አለች። ግን ከፍለው ነበር የሄዱት። 10 ሰዓት ሲሆን ደብተሬ ላይ 29ኙን ሰርዣለሁ። የቀሩት ባለ ቀይ አህያውና ባለ በቅሎው ናቸው።

97 ሰሃን ሸጠናል። 14 ጭማሪ እንጀራም። ሸራውን ስናወርድ ገበያው ባዶ ሆኗል። ነገ ገብርኤል ስለሆነ ዕቃው ዛሬውኑ መታጠብ አለበት። በኩራዝ ድስት ስንፍቅ አመሸን።

አርብ፣ ታኅሣሥ 19

ገብርኤል። ታቦቱ ሲወጣ ሜዳው በነጭ ልብስ ተሸፍኗል። እልልታው ደረቴ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ የማኅበሩ ሰዎች ዛፍ ሥር ጠላና ንፍሮ አቀረቡ።

አንድ ሰው በሕዝቡ መሀል እየተጋፋ ወደ እቴቴ መጣ። አላወቅኩትም። እሷ ግን «እንዴት አደርክ፣ አህያዋ ደህና ናት?» ስትለው ገባኝ። ባለ ቀይ አህያው ነው። ትናንት አህያዋ አንክሳበት ገበያው ሳይፈታ ነበር የሄደው። ሁለት አሥር ብር ሰጣት። «በልተህ ሳትከፍል አትደር፣ ከፍለህ ና ብላ ሚስቴ አላስተኛችኝም» አለ። እቴቴ ሳቀች። ብሩን ለእኔ ሰጠችኝና እኔም ደብተሬ ላይ ሰረዝኩት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 20

ባሕር ዳር። መጀመሪያ ራጅ። አጥንቱ ተሰንጥቋል እንጂ አልተላቀቀም። ወጌሻው በደንብ ነው ያሰረው አለ ሐኪሙ። ስንጥሩ ወርዶ በጀሶ ተተካ፤ ስድስት ሳምንት። የራጁና የጀሶው ዋጋ ከሐሙሱ ትርፍ በለጠ። እቴቴ ደረሰኙን አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችውና «በይ ገበያ እንሂድ» አለች።

የባሕር ዳር ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ነው የሚቆመው። ምስር፣ ጨው፣ ሁለት ሊትር ዘይትና ለሳሎኑ ሰሌን ገዛን። በግራ እጇ ምስሩን እያፈሰች፣ እየነፋች፣ ስትመርጥ ነጋዴው ተሰላቸ። አልቸኮለችም።

ማታ ሒሳብ ሠራሁላት። 97 ሰሃን በ20 ብር፣ 14 ጭማሪ በ5 ብር፣ በድምሩ 2,010 ብር። ጤፉን በገበያ ዋጋ 650፣ ሩዙን 195፣ ወፍጮ 40፣ ሽሮና ምስር 240፣ ዘይት 150፣ ሽንኩርትና ቅመም 130፣ እንጨት 140፣ ቦታ 10። ወጪው 1,555 ብር ነው። ትርፉ 455፤ ባለ በቅሎው ስላልከፈለ እጇ ላይ ያለው 435። የአራት ሰው፣ የአራት ቀን ድካም አልገባበትም።

ቁጥሩ አንገበገበኝ። ሰሃኑን 25 ብር እንድታደርገው ነገርኳት። እሷ ግን የማይገባት ሌላ ነገር ነው። «የራሴን ጤፍ ለምን ወጪ ታደርጊዋለሽ?» አለችኝ። ሸጠሽው ቢሆን 650 ብር ታገኚ ነበር አልኳት። «ለማን? ለነጋዴው?» አለች። «እሱ ጠዋት ቀንሶ ይጠራኛል። እኔ ጤፌን በእንጀራ ነው የምሸጠው። ማንም ዋጋ አይቆርጥልኝም።»

ብዙ አሰብኩበት። የእኔ ሒሳብ ስሕተት የለበትም። ግን እሷ ከደላላና ከነጋዴ ያመለጠችበትን መንገድ የሚያሳይ መስመር አልነበረበትም። ስለ ድካሙ ግን አሁንም አልተስማማሁም። ቢያንስ ለጎረቤትየዋ የቀን ዋጋ መክፈል አለባት አልኳት። ይህን ተቀበለችኝ። ከሚቀጥለው ሐሙስ ጀምሮ 80 ብር።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 21

በጠዋት ሸኙኝ። አንድ አገልግል እንጀራ፣ አንድ ላስቲክ ምጥን ሽሮ፣ የተቆላ ሽምብራ። ጋሼ ሚኒባሱ ድረስ ተሸከሙልኝ። እንጀራው አዲስ አበባ ሲደርስ ይሰባበራል ብዬ ሳስብ እቴቴ ቀድማኝ «ይሄ ንጹሕ ጤፍ ነው፣ አይዞሽ» አለች።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 25

ከሥራ ወጥቼ ደወልኩላት። ጎረቤትየዋ አብራት ውላለች። 84 ሰሃን ነው የወጣው። ገና አራት ቀን ስለቀረው ሰው ገንዘቡን ለዶሮና ለቅቤ ይዟል። ጀሶው ያሳክካታል።

ስለ ባለ በቅሎው ጠየቅኳት።

«ዛሬ አልመጣም» አለች። ድስት ስትፍቅ ይሰማኛል። «እዚያ ሽንኩርት በስንት ገባ?»